የወይራ ዘይት በማድ ቤትና በገበያ

ዘይት የሚባለው ቃል ዛሬ ከኑግም ቢወጣ፣ ከሱፍም ቢጨመቅ፣ ከሰሊጥም ሆነ ከተልባ ቢገኝ ለሁሉ የሚነገር ስም ነው። በጥንት ግን የአንድ ዛፍ ስም ነበረ። በግዕዝ ዘይት ማለት የወይራ ዛፍም፣ ከፍሬው የሚወጣው ቅባትም ነው፤ ስለዚህ በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ያለው የወይራ ተራራ ደብረ ዘይት ተባለ፤ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የሚውለውም እሑድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተራራ ነው። በተራራው ግርጌ ያለው ጌቴሴማኒ የሚባለው ቦታም ትርጓሜው የዘይት መጭመቂያ ማለት ነው። ዕብራውያን ዛፉን ዛይት፣ ዐረቦችም ዘይቱን ይሉታል፤ እስፓንያውያንም ከዐረቦች ተቀብለው ማናቸውንም ዘይት አሴይቴ እያሉ ይጠሩታል። እንግዲህ የኑግ ዘይት የሚል ሰው ሳያውቀው የወይራን ስም ለኑግ አውሶ መናገሩ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ የሚበቅለው ወይራ ከዚሁ ዛፍ ጋራ አንድ ወገን ነው። እንጨቱ ጠንካራና ከባድ በመሆኑ ለምሰሶ፣ ለአጥርና ለዱላ ይፈለጋል፤ ጢሱም የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ማጠኛ ነው። ፍሬው ግን ጥቃቅን ነው፤ ከላይ ስስ ሥጋ፣ ከውስጥ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬ ብቻ ስለ ሆነ ቢጨመቅ ለድካም ዋጋ የሚሆን ዘይት አይገኝበትም። በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ የሚኖሩት ሕዝቦች ግን ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራውን እየመረጡ፣ ቅርንጫፉን እየቈረጡና እየተከሉ አበዙት፤ በዚህም ምክንያት የእነሱ ወይራ የዘይት ዛፍ ሆነ።

ዛፉ ብዙ ነገር አይፈልግም። ድንጋያማ መሬት ይበቃዋል፤ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ ለስላሳ ቢሆንለት ይወዳል። የሚፈራው ብርቱ ውርጭን ነው። ከተተከለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማፍራት ይጀምራል፤ አድጎ ሙሉ ፍሬ እስኪሰጥ ግን ትዕግሥት ያሻል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች አያት የተከለውን የልጅ ልጅ መልቀሙ የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን ጠባዩ አንድ ዓመት ሞልቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጐድሎ ማፍራት ነውና ገበሬው ጥሩውን ዓመት አይቶ ገንዘቡን ሁሉ ቢያጠፋ ለከርሞው ይቸገራል።

ፍሬውን ከዛፍ ላይ ቀጥፎ የነከሰ ሰው ወዲያው ይተፋዋል፤ እጅግ መራራ ነውና። ለመብል የሚሆነው ለብዙ ሳምንታት በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሲወጣለት ነው። ለዘይት የሚፈለገው ግን እንደ ተለቀመ በቶሎ ወደ መጭመቂያ መሄድ አለበት። ተከምሮ ከዋለና ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ዘይት የትኛውም ጥበብ አያድነውም። ለቀማው በአውሮፓ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ኋላም ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ቀደም ብሎ የተለቀመው የሚሰጠው ዘይት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጣዕሙ ብርቱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይበላሽ ይቈያል። ዘግይቶ የተለቀመው ብዙ ይሰጣል፤ ጣዕሙ ግን ይለሰልሳል። ብዛትን ወይስ ጥራትን እንደሚመርጥ ባለ ዛፉ በየዓመቱ መወሰን አለበት። ከ100 ኪሎ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዘይት ይገኛል።

የኑግ ዘይት በየቤቱ ሲወጣ ኑጉ ተቈልቶ፣ ተወቅጦ፣ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ይጠበቃል። የወይራ ዘይት ግን ከዘር የሚወጣ ሳይሆን ከፍሬው ሥጋ የሚጨመቅ ጭማቂ ነውና እሳት አይፈልግም። በቀድሞው ዘመን ፍሬው ከነድንጋዩ አህያ በሚያዞረው ትልቅ የድንጋይ ወፍጮ ይደቅ ነበረ። ሊጡም ከሣር በተታታ ክብ ሰሌን ላይ እየተቀባ፣ ሰሌን በሰሌን ላይ ይደረደርና በእንጨት ጠምዛዛ ይጫናል። የሚወርደው ጥቁር ውሃና ዘይት የተቀላቀለበት ነው፤ ዘይቱ ቀላል ስለ ሆነ ከላይ ይሰፍፋል፣ ተቀድቶም ይወሰዳል። በዛሬው ጊዜ ይህን ሁሉ ብረት ይሠራዋል፤ መኪናው ፍሬውን ይፈጨዋል፣ ሊጡን ቀስ አድርጎ ያማስለዋል፣ ከዚያም በኀይል እያሽከረከረ ዘይቱን ከውሃውና ከፋጉሎው ይለየዋል። ሊጡ ሲማሰል ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ያላለፈ እንደ ሆነ ዘይቱ በብርድ የወጣ ተብሎ ይሸጣል፤ ሙቀት ሲበዛ ዘይቱ ይበረክታል፣ ሽታውና ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ፋጉሎውም አይጣልም፤ የቀረው ዘይት በመድኀኒት ኀይል ይወጣለታል፣ የፍሬው ድንጋይ ደግሞ ለማገዶ ይሆናል።

በንግድ በኩል የወይራ ዘይት ታሪክ እጅግ የቈየ ነው። የአቴና ሕግ አውጪ ሶሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት እህል ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ሲከለክል ዘይትን ብቻ እንደ ፈቀደ ይነገራል፤ የአቴና መሬት ለስንዴ ድሀ፣ ለወይራ ግን ባለጸጋ ነበረና። በዚሁ ዘመን ገደማ የነበረው የሚሊጢን ሰው ታሌስ ያደረገውን አርስቶትል ጽፎታል። ታሌስ ፈላስፋ ነበረና ድሀ ስለ ሆነ፣ ጥበብህ ምን ጠቀመህ እያሉ ይነቅፉት ነበረ። እርሱም በክረምት ሳለ የሚመጣው የወይራ መከር የበዛ እንደሚሆን ተረድቶ፣ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ቀብድ እየሰጠ በአካባቢው ያሉትን የዘይት መጭመቂያዎች ሁሉ በርካሽ ተከራየ፤ ሌላ ተከራይ በዚያን ጊዜ አልነበረምና። መከሩ ደርሶ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጭመቂያ ሲፈልግ በወደደው ዋጋ አከራየ። ታሪኩ የታሌስን ብልህነት ለማመስገን ይነገራል እንጂ፣ ፍሬው ተከምሮ እየቦካበት የተጠየቀውን ሁሉ የከፈለው ገበሬ ምን እንዳለ የጻፈለት የለም።

በሮማ ከተማ ደግሞ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። ኮረብታው አፈር አይደለም፤ ከታች እስከ ላይ የተሰበረ የዘይት ጋን ገል ነው። ከእስፓንያ ደቡብና ከሰሜን አፍሪቃ በመርከብ የመጡት ጋኖች፣ ዘይቱ ከተገለበጠ በኋላ ገሉ የጠጣው ዘይት እየሸተተ ለሌላ ነገር ስለማይሆኑ፣ እየተሰበሩ በሥርዐት ይከመሩ ነበረ፤ ቍጥራቸውም በአሥር ሚሊዮኖች የሚገመት ነው። ከእስፓንያ የሚመጣው ጋን ባዶውን 30 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ የሚይዘው ዘይት 70 ኪሎ ያህል ነበረ። በብዙዎቹ ላይ የባዶው ጋን ክብደት፣ የዘይቱ ክብደትና የነጋዴው ስም በቀለም ተጽፎ ይነበባል። የዛሬው የጠርሙስ ወረቀት የሚነግረውን እነዚያ ነጋዴዎች ከ1800 ዓመት በፊት በገል ላይ ይጽፉት ነበረ ማለት ነው።

በማድ ቤት የወይራ ዘይት ሥራ ሁለት ዐይነት ነው፤ ይኸውም አንዱ ከእሳት ጋራ፣ ሌላው ያለ እሳት ነው። በኢትዮጵያ ዘይት በመጀመሪያ የሚታሰበው ከሽንኵርት ጋራ ተቁላልቶ ወጥ እንደሚሠራበት ነው። በወይራ አገሮች ግን ጥሩው ዘይት ምግቡ ከበሰለ በኋላ በጥሬው ከላይ የሚፈስ ማጣፈጫ ነው፤ የተቀቀለ ባቄላ፣ ዓሣ፣ ሾርባ ወይም ሰላጣ ሁሉ በእርሱ ይጠናቀቃል። በቶስካና አውራጃ አዲሱ ዘይት ከመጭመቂያው የወጣ ዕለት ዳቦ በፍም ይጠበሳል፣ በነጭ ሽንኵርት ይታሻል፣ ዘይቱ ይፈስበትና ጨው ይነሰነስበታል፤ ሌላ ነገር አይጨመርበትም። በካታሎንያ ነጭ ሽንኵርት ከጨው ጋራ በሙቀጫ ይወቀጥና ዘይቱ ጠብታ በጠብታ እየተጨመረበት ሳያቋርጡ ይማሰላል፤ ቀስ በቀስ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ባለሙያዋ ቸኵላ ብዙ ካፈሰሰች ግን ይለያይና እንደ ገና መጀመር ነው። ግሪኮች ባሚያ፣ ፋሶልያና ደበርጃን በብዙ ዘይትና በቲማቲም ቀቅለው፣ ከበሰለ በኋላ አብርደው ይበሉታል። በፍልስጥኤምና በሶርያ ቁርስ ማለት ለብዙ ሰው ቂጣ በዘይት፣ ከዚያም በዛዕታር ማጥቀስ ነው።

ይህ ዘይት ለመጥበሻ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። እስፓንያውያን ዓሣውንም ድንቹንም የሚጠብሱት በእርሱ ነው። ጥሩው ዘይት መጤስ የሚጀምረው በ190 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው፤ መጠበስ ግን ከዚያ በታች ይፈጸማል። የሚከለከለው እስኪጤስ ድረስ ማቃጠሉ ነው፤ ይህም ለማናቸውም ዘይት የሚሆን ክልከላ ነው። ውድ የሆነውን ዘይት ለመጥበሻ ማዋል ግን ሽታውን በከንቱ ለእሳት መስጠት ስለ ሆነ ብልህ ወጥ ሠሪ ሁለቱን ለይታ ትይዛለች።

የጾም ሥርዐት በሁለቱ አገሮች መለያየቱ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በኢትዮጵያ በጾም ቅቤ ሲቀር በምትኩ የሚገባው ዘይት ነው። በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ግን ጥብቅ በሆኑት የጾም ቀኖች የወይራ ዘይትም ጭምር ይቀራል፤ ግሪኮች ቅቤን በብዛት የማይበሉ ስለ ሆነ፣ ለእነሱ የምግቡ ምቾት ዘይቱ ነውና።

ዘይት ምግብ ያስቀምጣል። ከላይ ሲፈስበት አየር እንዳይነካው ስለሚከለክል፣ የደረቀ ቲማቲምና አይብ፣ የተጠበሰም አትክልት በውስጡ ለብዙ ጊዜ ይቈያል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይና በፖርቱጋል ሰርዲን የሚባለውን ዓሣ ከዘይት ጋራ በቆርቆሮ ማሸግ ሲጀመር ለዘይት ነጋዴዎች አዲስ ገበያ ተከፈተላቸው። ነገር ግን ጥሬ ነጭ ሽንኵርት በዘይት ዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ አየር በሌለበት የሚራባ መርዘኛ ተሐዋሲ አለና፣ እርሱ ያበላሸው ምግብ ሽታው ሳይለወጥ ሰው ይገድላል።

ከምግብ ውጭ ያለውም ጥቅም በቀድሞ ዘመን ከምግቡ ያላነሰ ነበረ። ፔትሮል ሳይገኝ የከተማው መብራት ከፊሉ የወይራ ዘይት ነበረ። በኢጣልያ ደቡብ በፑልያ አውራጃ ያለችው የጋሊፖሊ ከተማ ለመብራትና ለበግ ጠጕር መፍተያ የሚሆነውን ዘይት ወደ እንግሊዝና ወደ ሰሜን አውሮፓ ትልክ ነበረ፤ ዘይቱም ከዓለት በተፈለፈሉ ጕድጓዶች ተጠራቅሞ አተላው እስኪዘቅጥ ይቈይ ነበረ። ለመብላት የማይሆነው ዘይት እስከ ዛሬ በኢጣልያንኛ ላምፓንቴ፣ ማለት የፋኖስ ዘይት፣ ይባላል። ሳሙናም እንደዚሁ ነው። በናብሉስ ከተማ የወይራ ዘይት፣ ውሃና የሶዳ አመድ በትልቅ የመዳብ ጋን ለብዙ ቀን ይቀቀላል፤ ከዚያ በወለል ላይ ይፈስሳል፣ ሲረጋ ይቈረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ነፋስ እንዲገባውም ውስጡ ክፍት እንደ ሆነ ግንብ ተደርጎ ይደረደራል። በፈረንሳይ በ1688 በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) የወጣው የንጉሥ ትእዛዝ የማርሴይ ሳሙና ከወይራ ዘይት በቀር ሌላ ቅባት እንዳይገባበት አዘዘ። ይህም የሚያሳየው ማጭበርበር በዚያን ጊዜም እንደ ነበረ ነው።

ዛሬ የወይራ ዘይት ዋጋ የሚቈረጠው በደረጃው ነው። ከፍተኛው ደረጃ ተጨማሪ ድንግል ይባላል፤ ከፍሬው በመጭመቅ ብቻ የወጣ፣ በመድኀኒት ያልታጠበ፣ በ100 ግራም ውስጥ ያለው አሲድ ከ0.8 ግራም ያላለፈ መሆን አለበት። የሚቀጥለው ድንግል የሚባለው እስከ 2 ግራም ይፈቀድለታል። ከዚያ በላይ የሆነው የፋኖስ ዘይት ነውና በፋብሪካ ተጣርቶ ሽታና ቀለሙ ጠፍቶ፣ ጥቂት ድንግል ዘይት ተቀላቅሎበት በርካሽ ይሸጣል። ይህ አሲድ የሚበዛው ፍሬው ሲቀጠቀጥና ሲቦካ ነው፤ ምላስ ግን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ከመለኪያው ሌላ ቀማሾች ይቀመጣሉ። ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች ዘይቱን በ28 ዲግሪ አሙቀው በባለ ቀለም ብርጭቆ ይቀምሱታል፤ ብርጭቆው ባለ ቀለም የሆነው የዘይቱ አረንጓዴነት ዐይንን እንዳያታልል ነው። የሻጋታ፣ የጭቃ፣ የኮምጣጤ ወይም የቈየ ቅቤ ሽታ ከተገኘበት ከላይኛው ደረጃ ይወርዳል። ምሬትና ጕሮሮ የሚለበልብ ኀይል ግን ጕድለት ሳይሆን የጥሩነት ምልክት ነው፤ ያላወቀ ገዢ ይህን ቀምሶ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ይህን መለኪያ የሚያወጣው በ1959 የተቋቋመውና መቀመጫው በማድሪድ የሆነው ዓለም አቀፍ የወይራ ጉባኤ ነው።

የዘይት ማጭበርበር ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ እስፓንያ በ1981 አየችው። በግንቦት ወር በማድሪድ አካባቢ ሰዎች በትኵሳት፣ በሳልና በትንፋሽ መቍረጥ እየታመሙ ወደ ሐኪም ቤት ይጐርፉ ጀመር። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ የሳንባ ምች መሰላቸው፤ መድኀኒቱ ግን አልሠራም። ሕመሙ ከቤተ ሰብ አንዱን ይዞ ጎረቤቱን ይተው ነበረና ተላላፊ በሽታ አይመስልም ነበረ። በመጨረሻ የታመሙትን ልጆች ወላጆች ስለሚበሉት ነገር አንድ በአንድ የጠየቁ ሐኪሞች፣ ሁሉም ከገበያ መንገድ ላይ ያለ ስም ወረቀት በአምስት ሊትር ጀሪካን የሚሸጥ ርካሽ ዘይት እንደ ገዙ ደረሱበት። ሻጮቹ የወይራ ነው ይሉ ነበረ፤ ዕቃው ግን ለፋብሪካ ሥራ ብቻ እንዲውል አኒሊን የሚባል መርዝ በመቶ 2 ተጨምሮበት ከፈረንሳይ የገባ የጎመን ዘር ዘይት ነበረ። አትራፊዎቹ መርዙን ለማውጣት እንደ ገና አጣርተው ለምግብ ሸጡት። 20 ሺህ ያህል ሰው ታመመ፤ ከእነዚህም ከ300 በላይ ሞቱ፤ ብዙዎች በሕይወት የተረፉትም እጅ እግራቸው ሳይዘረጋ ቀረ። መንግሥቱ ያንን ዘይት የያዘ ሁሉ አምጥቶ በንጹሕ የወይራ ዘይት እንዲለውጥ አወጀ። የጎመን ዘር ራሱ በዚህ ነገር በደል የለበትም፤ የገደለው ለምግብ ያልታሰበውን ለምግብ መሸጥ ነው። የተጐዱትም አብዛኞቹ የውዱን ዋጋ መክፈል የማይችሉ የሠራተኛ ሰፈር ቤተ ሰቦች ነበሩ።

በዚህ ንግድ ቀዳሚቱ አገር እስፓንያ ናት። በካየን አውራጃ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለ። ኢጣልያ ከምታመርተው ይልቅ የምትበላውና የምትሸጠው ስለሚበልጥ ከእስፓንያ፣ ከግሪክና ከቱኒስያ በጅምላ ገዝታ፣ አቀላቅላና በጠርሙስ አሽጋ ወደ ሌላ አገር ትልካለች፤ ትርፉም በዚህ ነው። የቱኒስያ ገበሬ በስፋክስ ዙሪያ ዝናቡ ትንሽ ስለ ሆነ ዛፎቹን በየ24 ሜትር ያራርቃቸዋል፤ በአንድ ሄክታር 17 ያህል ዛፍ ብቻ ነው። ብዙ ዘመን የደከመበት ዘይት በበርሜል ተሽጦ፣ በሌላ አገር ስም በጠርሙስ ሲወጣ ይኖራል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ቱኒስያውያን ራሳቸው እያሸጉ የሚሸጡት እየጨመረ መጥቷል።

ዋጋውም እንደ ዝናቡ ነው። እስፓንያ በ2021 መከር 1 ሚሊዮን 490 ሺህ ቶን ያህል አወጣች፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርቅና ሙቀት አበባውን አርግፎት ወደ 660 ሺህ ቶን ወረደ። ዋጋው በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ አንዳንድ ሱቆችም ጠርሙሱን እንደ ወርቅ ዕቃ በቍልፍ እስከ ማሰር ደረሱ።

ለገዛውም ሰው አያያዙን ማወቅ ያስፈልገዋል። ይህ ዘይት እንደ ወይን ጠጅ በመቈየት አይሻሻልም፤ ከተጨመቀ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ጣዕሙ ይደክማል። ጠላቶቹ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። ስለዚህ በጥቁር ጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ይቀመጣል እንጂ በመስኮት ላይ ወይም በምድጃ አጠገብ አይቀመጥም። ሲቀዘቅዝ ቢረጋና ቢነጣ አልተበላሸም፤ ሙቀት ሲያገኝ ይመለሳል። በማቀዝቀዣ ውስጥ መርጋቱን እያዩ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ ግን ከንቱ ነው፤ እውነተኛውም አንዳንዱ ይረጋል፣ አንዳንዱ አይረጋም።

ዛፉ ከሰው ይልቅ ቢኖርም የማይሞት አይደለም። በ1985 ጥር በቶስካና የወረደው ብርቱ ውርጭ አብዛኛውን የወይራ ዛፍ ገደለ፤ ገበሬዎቹ ግንዱን ከመሬት እኩል ቈርጠው ጠበቁ፤ ሥሩ ሕያው ነበረና እንደ ገና አቈጠቈጠ። በፑልያ የመጣው ግን ከዚህ የባሰ ነው። በ2013 የመብራት ዘይት ትልክ በነበረችው በዚያችው በጋሊፖሊ አካባቢ ዛፎቹን የሚያደርቅ ክዚሌላ የሚባል ተሐዋሲ ተገኘ። ተሐዋሲውን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያመላልሰው ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው፤ የዛፉን የውሃ መንገድ ይደፍነዋል፣ መድኀኒትም አልተገኘለትም። ብዙ ሚሊዮን ዛፎች ደረቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመቶዎች ዓመታት ዕድሜ ነበራቸው። የታመሙት ይቈረጡ የሚል ትእዛዝ ሲወጣ ገበሬዎቹ የአባቶቻችንን ዛፍ አንቈርጥም ብለው እስከ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በዚህ መካከልም ደዌው ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ኋላም ሌቺኖና ፋቮሎዛ የተባሉት ዐይነቶች በሽታውን እንደሚቋቋሙ ታወቀ። አሁን ከፊሎቹ ገበሬዎች የደረቀውን ነቅለው እነዚህን ይተክላሉ፤ ሌሎቹም አሮጌው ግንድ እንዲተርፍላቸው የእነዚህን ቅርንጫፍ በላዩ ላይ እያጣበቁ ይሞክራሉ።